የእትዬ መይረም ግማሽ ቀን

የጡረታ መቀበያ ቀን ደሴ ውስጥ ወረፋው ከበሩ አልፎ መንገድ ይወጣል። እኔም እንደ ልማዴ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ከፊቴ የቆሙትን ሽማግሌዎች አዝጋሚነት በሆዴ እየረገምኩ ሳለ፣ ከከሚሴ የመጣ አንድ የድሮ ጎረቤቴ ትከሻዬን ነካ አደረገኝና፣ «እትዬ መይረም አረፉ። ባቲ ቀብረናቸው መምጣታችን ነው» አለኝ። ኢና ሊላሂ አልኩ። ተራዬ ደርሶ ስሜ ሲጠራ እንኳ አልሰማሁም፤ ከኋላዬ ያለው ሰው ነው የገፋኝ። ገንዘቤን ተቀብዬ ስወጣ ሐዘኑ ያዘኝ። እኒያ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙት ይህንኑ ነበር፤ በወር አንድ ቀን ተሰልፎ፣ ሠርቼበታለሁ ብሎ፣ የሰው ፊት ሳያዩ መቀበል።

እትዬ መይረም ፈሪ ነበሩ። ይህን የምለው ሙት ለመውቀስ አይደለም፤ እሳቸውም አይደብቁትም ነበር። «እኔና ፍርሃት መንታ ነን፤ አብረን ነው የተወለድነው» ይሉ ነበር። ነጎድጓድ ይፈራሉ። ክረምት ቦርከና ሞልቶ ሲያጓራ፣ ወንዙ ከቤታቸው ያን ያህል ርቆ ሳለ፣ ዕቃቸውን ሁሉ ከመሬት አንስተው ይሰቅላሉ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲያዩ እጃቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ፤ ወረቀቱን ግን አይነኩትም። ከደሴ በኩል የመጣ መኪና ክሊኒኩ በር ላይ ከቆመ ደግሞ አለቀላቸው፤ ጓሮ ገብተው የታጠበውን አንሶላ እንደ አዲስ ማጠብ ይጀምራሉ። ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ግን እርጅናን ነበር። ልጅ አልወለዱም፤ ወንድምም እኅትም የላቸውም። «ሞትንስ አላህ ያመጣዋል። ከሞት በፊት ያለችዋ ናት የምታስፈራኝ» ሲሉኝ እኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩና እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም።

ከሚሴ የሄድኩት ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ሆኜ ተመድቤ ነው። ክሊኒኳ ዛሬ የለችም። በአውራ ጎዳናው ዳር የቆመች፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ በቀትር ውስጧ የማያስቀምጥ ጠባብ ቤት ነበረች። ሐኪም የለንም። «ዋናው» የምንለው አንድ የሸዋ ሰው፣ እኔ፣ ዘበኛና የጽዳት ሠራተኛ፤ በቃ። ጽዳት ስል ወለል መጥረግና አንሶላ ማጠብ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ሥራ መርፌ መቀቀል ነው። ያን ጊዜ መርፌ አንዴ ወግተው የሚጥሉት አልነበረም፤ እየተቀቀለ ነው ሰው ሁሉ የሚወጋበት።

ሥራ በጀመርኩ ዕለት ጠዋት መርፌ ሲቀቅሉ ያየኋቸው ጠና ያሉ፣ ቀጭን ሴት ነበሩ። ከምሳ ስመለስ እዚያው ምድጃ አጠገብ አንዲት ልጅ እግር ሴት ተቀምጣ ታንጎራጉራለች።

«የጠዋቷስ ሴትዮ?» ብዬ ዋናውን ጠየቅሁት።

ሳቀ። «ሥራው የአንድ ሰው ነው። ሠራተኞቹ ግን ሁለት ጣውንቶች ናቸው። ትለምደዋለህ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ይመር የሚባለው የቀድሞው ዘበኛ ሲሞት ሁለት ሚስቶች ተወ፤ እትዬ መይረምንና ሐዋን። ዋናው አዝኖ የጽዳቱን ሥራ ለሚስቱ ልስጥ ቢል ሚስቱ ሁለት ሆነችበት። ሌላ ቦታ ቢሆን ጣውንቶች ፀጉር ለፀጉር ይያያዙ ነበር። የእኛዎቹ ግን ባላቸው በሕይወቱ ቀኑን እኩል ሲያካፍላቸው የኖሩ ናቸውና፣ ሲሞት ሥራውንም እንደዚያው ተካፈሉት። እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት እትዬ መይረም፣ ከዙህር በኋላ ሐዋ። ደመወዙም ለሁለት፤ ለየራሳቸው አሥር አሥር ብር። የከሚሴ ሰው ይህን ሲሰማ «ደግ አደረጉ» ከማለት በቀር ማንም ጉድ አላለም።

እኔም በግቢያቸው አንዲት ክፍል ተከራየሁና ሁለቱንም በሥራም በቤትም አወቅኋቸው። ሐዋ ሳቂታ ናት፤ ጅብም ሹምም አትፈራም። እትዬ መይረም እሷን ሲቆጡ ውለው ማታ ከድርሻቸው ቀንሰው ያቀርቡላታል። የይመርን ነገር ሲያነሡ ሁለቱም «ባላችን» ነው የሚሉት።

በሽተኞቻችን አብዛኞቹ ከጨፋ በኩል የሚመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ነበሩ። እትዬ መይረም በሁለቱም ቋንቋ አፋቸውን የፈቱ ናቸው። እኔ መርፌ ልወጋ ስነሣ ከጓሮ ብቅ ብለው የበሽተኛውን እጅ ይይዛሉ። «ሂን ሶዳቲን፣ ሂን ሶዳቲን። አትፍራ ልጄ፤ ትንኝ ናት፣ አሁን ታልፋለች» ይሉታል፣ የራሳቸውን ፊት ወደ ግድግዳ አዙረው። ያን ሁሉ ሰው ሲያስወጉ እሳቸው አንድ ቀን ተወግተው አያውቁም። ወባ ሲጥላቸው እንኳ ኪኒኑን ከእጄ ነጥቀው ይሸሻሉ።

የጡረታው ወሬ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ በየወሩ ጥቂት እየተቆረጠ፣ ሲያረጅ እስኪሞት ድረስ ይከፈለዋል ተባለ። ዋናው ሰብስቦን ሲነግረን እትዬ መይረም በሩ ላይ ቆመው ያዳምጡ ነበር።

«ላልወለደም ነው?» አሉ።

«ላልወለደም ነው።»

«ያ አላህ! መንግሥት ጧሪ ሆነ?» ብለው ቁጭ አሉ። ያን ሰሞን እንዲያ ሲያወሩ፣ እንዲያ ሲራመዱ አይቼ አላውቅም። ቦርከናን እንኳ ረሱት።

ዋናው ደሴ ወጥቶ ጠይቆ ሲመለስ ግን ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ጡረታ የሚታሰበው ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ፣ በደመወዝ ለተመዘገበ ቋሚ ሠራተኛ ነው ብለውታል። የእኛ ሴቶች የግማሽ ቀን ናቸው፤ የሚከፈላቸውም ሳሙናና ላምባ ከሚገዛበት ገንዘብ ላይ ነው። ሁለት ግማሽ ተደምሮ አንድ ሰው አይሆንም፤ በመዝገብ ዓይን ሁለቱም የሉም። ለአንዷ ሙሉ ቀን ከሰጠሃት ግን አንድ ቋሚ ቦታ እንፈቅድልሃለን አሉት።

ሁለቱን አስቀምጦ ሲያስረዳቸው እኔም ነበርኩ። «እትዬ መይረም፣ እርስዎን ባስመዘግብ ሕጉ የሚጠይቀውን ዓመት ሳይጨርሱ የመሰናበቻ ዕድሜዎ ይደርሳል። ሐዋ ግን ልጅ ናት፤ ትጨርሳለች» አላቸው።

«እስከ ዛሬ የሠራሁትስ?»

«የግማሽ ቀን ስለሆነ አይቆጠርም።»

«ያ ሁሉ ጠዋት? አንዲቱም ቀን?»

ዋናው አቀረቀረ። ሐዋ ብድግ አለች። «ይቅር! ድሮስ ጡረታ መቼ ነበረን? እንዳለን እንኖራለን!» አለችና እጃቸውን ጎትታ አወጣቻቸው።

በማግሥቱ ጠዋት መርፌው ከመፍላቱ በፊት ጠሩኝ። ሌሊቱን እንዳልተኙ ዓይናቸው ይናገራል። «ሐኪሜ፣ ሐዋ ትመዝገብ። የእኔን ግማሽ ለሷ ሰጥቻለሁ። ደመወዟን እንካፈላለን፤ ኋላም ጡረታዋን እንካፈላለን። ቃል ሰጥታኛለች» አሉኝ።

ነገሩ አሰጋኝና ደህና አድርጌ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ይህ ሥራ አንዴ ሙሉ ከሆነ ወደ ግማሽ አይመለስም። ሐዋ ነገ ትታው ብትሄድ ቦታው ለሌላ የሙሉ ቀን ሰው ይሰጣል እንጂ ለእርስዎ አይሆንም። ገብቶዎታል?»

«ገብቶኛል» አሉ። «እሱ አይደል የሚያስፈራኝ።»

ጎረቤት ግን አላስቀመጣቸውም። «ጣውንትሽን አምነሽ ጉሮሮሽን ሰጠሽ?» አሏቸው። እትዬ መይረም ሐዋን ከልባቸው ያምኗታል፤ ፍርሃታቸው ግን ማመናቸውን አይሰማም። ከዚያ ወዲያ ሐዋ ካሳላት ኪኒን ይዘው ይሮጣሉ፤ ከገበያ ከዘገየች መንገድ ላይ ወጥተው ይቆማሉ። ዕድሜያቸው በሙሉ በአንዲት ወጣት ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እሷ ስትሮጥ፣ ስትዘል፣ በሞላ ወንዝ ስትሻገር ማየት ሥቃይ ሆነባቸው። ከደመወዟ ግማሹን ስትሰጣቸው መቀበሉንም ፈሩት። «ያልሠሩበት እህል ያንቃል» እያሉ ጠዋት ጠዋት መምጣታቸውን አላቆሙም። ዋናው አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

አንድ ቀን ታዲያ ከላይ ተቆጣጣሪ መጣ። ረጅም፣ ኮት የለበሰ ሰው ነው። ገና ከመኪናው ሲወርድ፣ «እዚህ ቤት አንዱን ደመወዝ ሁለት ሰው ይበላዋል የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ቅጥሩን ዛሬውኑ እሰርዛለሁ» አለ። ዋናውን ላብ አጠመቀው። ሐዋ መወልወያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፤ ምንም የማትፈራዋ ሐዋ። በዚያው ቅጽበት እትዬ መይረም የተቀቀለውን መርፌ በትሪ ይዘው ከጓሮ ገቡ።

ሰውየው ፊቱን ወደ ዋናው አዙሮ ሳለ አዩት። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ተራ ከሚጠብቁት በሽተኞች መሐል ሄደው ተቀመጡ። ነጠላቸውን ተከናነቡ።

«ይህችስ ምን ሆና ነው?» አለ ተቆጣጣሪው።

«ወባ ነው ጌታዬ» አሉ። ይንቀጠቀጡ ነበር። ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ይሰማል። ማንም ሐኪም ቢያያቸው ወባ ነው ይላል እንጂ አይጠራጠርም።

«ታዲያ እንዲህ ሆና ምን ትጠብቃለህ? አትወጋትም?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ፤ መጥቶም ከአጠገቤ ቆመ።

የማይጎዳ ቫይታሚን ሞላሁ። ወደሳቸው ስቀርብ ዓይናቸው መርፌዋ ላይ ተተክሎ ቀረ። አንዴ ቃል ቢተነፍሱ፣ አንዴ «አይ» ብለው ቢነሡ ሁላችንም አልቀናል። አጠገባቸው የተቀመጠው ገበሬ እጃቸውን ያዘና፣ «ሂን ሶዳቲን» አላቸው፤ እሳቸው ለስንቱ ያሉትን። ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ወጋኋቸው። ሰውየው መዝገብ አገላብጦ፣ ግድግዳ አይቶ፣ ቆሻሻ ነው ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። መኪናው ሲርቅ፣ «አለፈ?» አሉኝ። «አለፈ እትዬ» ስላቸው እዚያው አግዳሚው ላይ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሐዋ እግራቸው ሥር ተቀምጣ አብራቸው አለቀሰች።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባላል። የእትዬ መይረም ፍርሃት የደረሰው ግን በበሽታ አልነበረም፤ በወንዝም አልነበረም። በደስታ በኩል ነው የመጣው።

አንድ የባቲ ከብት ነጋዴ የታመመ ረዳቱን ሊያስታምም ክሊኒካችን ሲመላለስ ሐዋን አያት፤ እሷም አየችው። ረዳቱ ከዳነ በኋላም ሰውየው ምክንያት እየፈለገ መምጣቱን ሲቀጥል እኛ ነቃን፤ ከሁሉም ቀድመው የነቁት ግን እትዬ መይረም ነበሩ። ስለ እሱ አንድ ቀን አንሥተው አያውቁም። ብቻ መክሳት ጀመሩ።

ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ሐዋ ከሚሴ ውስጥ አባትም ወንድምም የላትምና፣ እንደ ደንቡ የመጡት ወደ እትዬ መይረም ነው። ልጅቱን የሚሰጧትም የሚከለክሏትም እሳቸው ናቸው። እኔ በራፌ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ሐዋ ከእኔ ክፍል ጎን ባለው ማድቤት ውስጥ ተደብቃለች። ሽማግሌዎቹ መርቀው፣ ሰውየው ምን ያህል ደግ እንደሆነ ተናግረው፣ ባቲ ቤት እንዳሠራላት ነገሯቸው። ባቲ ሲሉ እትዬ መይረም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከባቲ እየተመላለሰ ከሚሴ የሚሠራ ሰው የለም። ሐዋ ካገባች ሥራው አበቃ፤ ጡረታውም አበቃ።

«እስቲ ልጅቱን ልጠይቃት» ብለው ተነሥተው ወደ ማድቤቱ መጡ።

ሐዋ ቀድማ ተናገረች። «አልሄድም በሏቸው።»

«አትወጂውም?»

«ብወደውስ? እኔ ስሄድ እርስዎ ምን ሊበሉ ነው?»

«እኔማ ምን ሆኜ» አሉ እትዬ መይረም። «ዋናው ቃል ገብቶልኛል እኮ። አንቺ ከሄድሽ ግማሽ ቀኔን ይመልስልኛል። የድሮ ሥራዬን እይዛለሁ።»

«ይዋሻሉ።»

«አልዋሽም።»

«እንግዲያው ወላሂ ይበሉ።»

እኛ አገር ይህች ቃል ቀልድ አይደለችም። በወላሂ የዋሸ ሰው ምስክርነቱ አይያዝም፤ ከሰው ይልቅ ደግሞ ከላይ ያለው አለ። እትዬ መይረም ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ዋናው ምንም ቃል እንዳልገባ እኔ አውቃለሁ። ግማሹ እንደማይመለስም እኔው ነኝ የነገርኳቸው። ትሪ ይዘው ተቆጣጣሪው ፊት የቆሙ ዕለት እንኳ ፊታቸው እንዲያ አልገረጣም ነበር።

«ወላሂ» አሉ።

ሐዋ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው፣ «ልጄ ናት፤ እንደ ልጅ ያዙልኝ» አሉ። ነገሩ አለቀ።

ሐዋ በሰኞ የባቲ ገበያ መኪና ሄደች። የጽዳቱን ሥራ አንድ ጎልማሳ ሙሉ ቀን ያዘው። እትዬ መይረም ለመጠየቅ እንኳ አልመጡም፤ ጥጥ እየፈተሉ፣ የሰው ልብስ እያጠቡ መኖር ጀመሩ። እጃቸው ግን እየከዳቸው ነበር። ልብስ የሚሰጣቸውም ሰው እያነሰ ሄደ። አንዳንድ ቀን ጭስ ከቤታቸው አይወጣም። እኔ ደመወዝ ስቀበል እህል ገዝቼ ብሰጣቸው፣ «ለምን ብለህ?» እያሉ ይፈሩኛል። ከባቲ የመጣ ሰው፣ «ሐዋ እንዴት ነዎት ብላለች» ሲላቸው፣ «ደህና ነኝ፣ ሥራዬ ላይ ነኝ በላት» ብለው ይልካሉ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ በራቸውን ዘግተው ይውላሉ። አሁን የሚፈሩት ረሀቡን ብቻ አልነበረም። ሐዋ ያወቀች ቀን ምን እንደምትላቸው ነበር የሚያስጨንቃቸው።

ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት ሐዋ ልጅ አዝላ ክሊኒኩ በር ላይ ቆመች። ቤት ሳትደርስ ወደ እኛ የመጣችው ጠዋት ስለሆነ ነው፤ ጠዋት የእትዬ መይረም ነው። እየሳቀች ወደ ጓሮ ዞረች። ምድጃው አጠገብ የማታውቀው ሰው መርፌ ይቀቅላል። ተመልሳ መጥታ አየችኝ።

«ይህ ሰው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አንቺ ከሄድሽ ወዲህ» አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችም። ልጇን እንዳዘለች መሮጥ ጀመረች፤ የምታደርገውን ፈርቼ ተከተልኳት። በዚያው ቀን ከሰዓት እትዬ መይረምን ከነጓዛቸው በጭነት መኪና ባቲ ይዛቸው ሄደች፤ እኔም ተዛውሬ ቀረሁና ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ከመሄዳቸው በፊት በራፉ ላይ የሆነው ነው ከዓይኔ የማይጠፋው።

በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሐዋ በሁለት እጇ ትደበድበዋለች። «ይክፈቱ! በአላህ ስም ዋሹኝ! እያወቁ ዋሹኝ!» ትጮኻለች፤ የቁጣ ይሁን የልቅሶ አይለይም። ልጇም ጀርባዋ ላይ ታለቅሳለች። ከዚያ መቀርቀሪያው ተንቀሳቀሰ፤ በሩ ጥቂት ገርበብ አለ። እትዬ መይረም አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ፣ ሊመታ እንደሚጠብቅ ሰው ክንዳቸውን ፊታቸው ላይ ጋርደው ቆመዋል።

«ኢማሙን ጠይቄ ለመሐላዬ ሦስት ቀን ጾሜያለሁ» አሉ። «አላህ ይቅር ይለኛል። አንቺ ብቻ አትቆጪኝ።»